ለቃሪያ ካፖርት የሰፋሁበት ዓመት

ውድ እማማ፣

ይህን ፖስታ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚሉትን ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ «ምነው፣ ስልኩ ተበላሸ እንዴ?» ይላሉ። አልተበላሸም። በስልክ ልነግርዎት አራት እሑድ ሞክሬ፣ አራቱንም እሑድ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋሁት። እርስዎ «ብርዱ እንዴት ነው?» ይሉኛል፣ እኔ «ደህና ነው» እላለሁ፤ ብርድ ደህና የሚሆን ይመስል። ስለዚህ ዛሬ ደንበኛ ሳይመጣ ሱቁን ከፍቼ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የምናዘዘው አንድ ነገር አለኝ፤ የምለምንዎትም አንድ ነገር አለኝ። ኑዛዜው ይቅደም። እሱም ቢሆን ብቻውን አይወጣልኝም፤ ከመጡበት ቀን መጀመር አለብኝ።

ልጅዎን፣ ባለቤቴን፣ ከቀበርን ሦስት ወር አልፎ ነበር። ከአውቶቡሱ የወረዱት በስስ ቀሚስ ላይ አንዲት ሹራብ ደርበው ነው። ዕድሜ ልክዎን ፀሐይ ሲጠብስዎት የኖሩ ሰው፣ ጥርስዎ እየተንገጫገጨ «እዚህ አገር ሰው የሚኖረው ተፈርዶበት ነው?» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን ከነበረው ነገር የተነሣ መሳቅ አሳፈረኝና ሻንጣዎን ተቀበልኩ።

ለምን እንደመጡ አውቅ ነበር። አፍ አውጥተው አልነገሩኝም፤ ግን ከመምጣትዎ በፊት በስልክ «ለሕፃን የሚሆን አልጋ አሠርቻለሁ» ብለውኝ ነበር። ልጄን ድንቢጥን ሊወስዷት ነው የመጡት። እውነቱን ለመናገር ቢወስዷትም የሚፈርድብዎት ሰው አልነበረም። የስፌት መኪናዬ አቧራ ለብሶ ነበር። ሱቁን በሳምንት ሁለት ቀን ብከፍተው ነው፤ እሱንም ለመቀመጥ። ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ያዩዋት ካፖርቷን በመርፌ ቁልፍ ይዛው ነበር። የካፖርቷን ጫፍ በሁለት ጣትዎ አንሥተው ዐዩት፣ ከዚያ እኔን ዐዩኝ። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል እሰማ ነበር» አሉ። «የልብስ ሰፊ ልጅም በመርፌ ቁልፍ ትዘጋለች ማለት ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከቤት አጣሁዎትና ወደ ጓሮ ወጥቼ ሳይ፣ ባዶው መደብ አጠገብ ተንበርክከው፣ እጅጌዎን ሰብስበው፣ ክርንዎን አፈር ውስጥ ቀብረዋል። ደነገጥኩ። የወደቁ መስሎኝ ልደግፍዎት ስሮጥ እንኳን ቀና አላሉም።

«ሕፃን ከማጠብህ በፊት ውሃውን በምን ትለካዋለህ?» አሉኝ።

«በእጄ።»

«ልጅህን እኮ ስትቀቅላት ኖረሃል! በክርን ነው። መዳፍ ሥራ ያደነዝዘዋል፣ ይዋሻል። ክርን አይዋሽም።» ክርንዎን አውጥተው አፈሩን አራገፉና «ገና ነው። ይሄ መሬት ተኝቷል» ብለው ተነሡ።

ከሻንጣዎ ሥር የተቋጠሩ ዘሮች አወጡ፤ ቲማቲም፣ ደበርጃን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሪያ። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ጎረቤታችን ይህን በአጥር ላይ ዐይቶ ማለፍ አልሆነለትም። «እመቤት» አለዎት፣ «እዚህ አገር ጎመን እንኳን ሹራብ ይለምናል። ቃሪያ የሚባል ነገር አይበቅልም።» እርስዎም ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሱ ዐዩትና «እርስዎ በቅለው የለ?» አሉት። ሰውየው ለሁለት ቀን አጥሩ ጋ አልታየም።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ነው ያችን ቃል የተናገሩት። ዳቦ እየቆረሱ፣ እኔን ሳያዩ፣ «ቃሪያው ሲቀላ እሄዳለሁ» አሉ። «እሄዳለሁ» ነው ያሉት። እኔ ግን «እንሄዳለን» ብዬ ሰማሁት። ያን ጊዜ ጆሮዬ የሚሰማው የሚፈራውን ብቻ ነበር።

እማማ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ጓሮ የሠሩትን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል። የእኔ ሙያ ልክ ማወቅ ነው፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ ክንድ። እርስዎ ግን የሙቀትን ልክ ያውቁ ነበር፣ ያውም ያለ ሜትር። ዘሩን በአሮጌ ጣሳ ዘርተው ከማእድ ቤቱ ምድጃ ጀርባ ደረደሩት። ሲበቅል ወደ መስኮቱ አዛወሩት፤ በየጠዋቱም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ያዞሯቸው ነበር፣ «አንገታቸው ወደ አንድ ወገን እንዳይጣመም»። ከሚፈርስ ቤት የተጣሉ መስኮቶችን ከነፍሬማቸው በጋሪ አስጭነው መጡ። የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ መርጠው፣ እግሩ ሥር ጥልቅ አድርገው ቆፈሩ፤ ትኩስ የፈረስ ፍግ ከገለባ ጋር ጠቅጥቀው ከላይ አፈር መለሱበት። በሳምንቱ ጠዋት ከዚያ መደብ እንፋሎት ሲነሣ ድንቢጥ «አያቴ፣ መሬቱ እየተነፈሰ ነው!» ብላ ጮኸች። እርስዎም ክርንዎን ነክረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ጥቁር ጥቁሩን ድንጋይ ለቅመው በየችግኙ ዙሪያ አስቀመጡ፤ ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ማታ እንዲመልስ። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ካየሁ አንሥቼ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ ውሃ ሞልተው ፀሐይ ላይ ያሰለፏቸውና ሲመሽ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ታቅፈው ከችግኞቹ ጎን ያስተኟቸዋል። ከቧንቧ በቀጥታ ማጠጣትን ከለከሉን። «ከእንቅልፍህ ስትነሣ አንገትህ ላይ የበረዶ ውሃ ቢያፈሱብህ ታድጋለህ?» ነበር ያሉኝ። ውሃው በባልዲ ውሎ ለብ ሲል ብቻ ነበር የሚጠጣው።

ችግኞቹን ወደ ውጭ ያስለመዱበት መንገድ ደግሞ! መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ ሁለት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። «ልጅ ትምህርት ቤት እንደማስለመድ ነው» ይሏት ነበር ድንቢጥን። «ባንዴ ጥለሻት ብትሄጂ ታለቅሳለች፤ ጨርሶ ባትለቂያትም ሸምበቆ ሆና ትቀራለች።» እናቷ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እግሬን ይዛ የምታለቅሰው ልጅ፣ ችግኞቹን ማስወጣት ከጀመረች በሁለተኛው ሳምንት «አባዬ፣ እዚህ ጋ ይበቃል፣ ተመለስ» ብላኝ ብቻዋን ገባች። ይህን ለእርስዎ ነግሬዎት አላውቅም። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ችግኞቹ መደብ ላይ በገቡ በሳምንቱ ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሣ። መስኮቶቹ ለግድግዳው ሥር ቲማቲምና ደበርጃን እንጂ በሦስት ረድፍ ለተተከሉት ሃያ አራት ቃሪያዎች አልበቁም። ያኔ ነው ወደ ሱቄ የመጡት። በሩ ላይ ቆመው ጉሮሮዎን ጠረጉ።

«ቤቶች! ደንበኛ ነኝ» አሉ።

«ይግቡ እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ካፖርት አሰፋለሁ። ሃያ አራት።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ፊትዎ የምር ነበር፤ በእጅዎም ቁመት የተለካበት እንጨት ይዘዋል። «ብርሃን የሚያስገባ ስስ ጨርቅ ይሁን፣ ከላይ በገመድ የሚታሰር፣ ከታች መሬት የሚነካ። ነፋስ ከታች ከገባ ካፖርት አይባልም።»

የስፌት መኪናውን ዐየሁት። መርፌው ሥር ምን እንደነበር እርስዎም ዐይተዋል። የልጅዎ ቀሚስ ነበር፤ ሰማያዊው። ከሆስፒታል ስትወጣ እንድትለብሰው ጀምሬው፣ እሷ እየከሳች ስትሄድ ሦስት ጊዜ አጥብቤዋለሁ። አራተኛውን ስጀምር ነው የሞተችው። የመኪናው እግር እንደተጫነው፣ ክሩ እንደገባ፣ ግማሽ ስፌት ላይ ቆሞ ነበር። እሱን ከመኪናው ላይ ማንሣት እሷን ዳግመኛ መቅበር መሰለኝና ሦስት ወር ሙሉ አልነካሁትም።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ «አይዞህ» ይለኝ ነበር፣ ወይ ራሱ አንሥቶ ያጥፈው ነበር። እርስዎ እናቷ ነዎት፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ሊያቃጥልዎት የሚገባ ቀሚስ ነው። ግን አልነኩትም። እንጨትዎን ይዘው እዚያው ቆሙ። ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም፤ እግርዎ እንደሚያምዎት ግን አውቅ ነበር። በመጨረሻ የመኪናውን እግር አነሣሁ፣ ክሩን ቆረጥኩ፣ ቀሚሱን አጣጥፌ በሁለት እጄ ሰጠሁዎት። ደረትዎ ላይ ያዙት። «መቼ ልምጣ?» አሉኝ።

«ለነገ ይደርሳል» አልኩ።

ለነገ አላደረስኩም፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰፈሩ ግን ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ሰምቶ ነበር። «ሰውየው ለየለት፣ ለቃሪያ ካፖርት እየሰፋ ነው» ተባለ። ሊያዩ መጡ፤ ሊስቁም መጡ። ከሳቁት አንዷ መምህርት ነበረች፤ እየሳቀች «እንግዲህ ከጀመርክ አይቀር ይቺን ቀሚስ አሳጥርልኝ» አለች። በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው ሱሪውን ይዞ መጣ። በወሩ መኪናዬ ማረፊያ አጣ።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ደረስኩ።

ቃሪያዎቹ አብበው ትናንሽ አረንጓዴ ፍሬ ቋጥረው ነበር። እርስዎ ደረትዎን ብርድ መትቶዎት የጤና ጣቢያው ነርስ ሦስት ቀን ከአልጋ እንዳይወርዱ አዝዛለች። በዚያ ዕለት ቀትር ላይ ሬዲዮው ውርጭ እንደሚወርድ ተናገረ። ከአልጋዎ ሆነው አዘዙን፤ ድንቢጥ ትእዛዙን እየተቀበለች ለእኔ ታስተላልፋለች፤ «አባዬ፣ ጠርሙሶቹ ከካፖርቱ ውስጥ! አባዬ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ!» ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱን ረድፍ አለበስን። የልጅቷ ጣቶች ቀልተው ነበርና ወደ ቤት ሰደድኳት። አንድ ረድፍ ቀረ። ስምንት ቃሪያ። ስምንቱም ካፖርቶች እጄ ላይ ነበሩ።

ቆምኩ። ቃሪያው ሲቀላ ልጄ ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ። ሐሳቤ ቀጥ ያለ ሐሳብ አልነበረም፤ የተሸፈኑት አሥራ ስድስቱ ይቀሉ የለም ወይ? ግን ፍርሃት ሒሳብ አያውቅም። ስምንቱን ካፖርቶች አጣጥፌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩና ገባሁ። «ጨረስክ?» አሉኝ። «ጨርሻለሁ» አልኩ።

ጠዋት የነርሷን ትእዛዝ ጥሰው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወጡ። የፖስተኛው ድንች ቅጠል በሙሉ ጠቁሮ ነበር። የእርስዎ ሁለት ረድፍ ቃሪያ ካፖርቱ ሲወልቅለት እንደ ሙሽራ ቆሟል። ሦስተኛው ረድፍ ግን እንደተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ ተኝቷል። እኔ ቶሎ ብዬ «ነፋስ ገልጧቸው ይሆናል» አልኩ።

እርስዎ በረንዳውን ዐዩ። እዚያ ስምንት ካፖርት በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል፤ የእኔ አስተጣጠፍ፣ ጠርዝ ከጠርዝ። አሥራ ስድስቱ በውርጭ ርሰው ውሃ ሲያንጠባጥቡ እነዚያ ስምንቱ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ደርቀው ነበር። ድንቢጥ ጫማዋን እየሳበች ስትወጣ ሰማን። ያን ጊዜ እርስዎ ምን እንዳደረጉ እስክሞት አልረሳውም። ስምንቱን ደረቅ ካፖርቶች አንሥተው፣ እጥፋታቸውን አራግፈው፣ ከእርጥቦቹ ጋር አደባልቀው የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀሏቸው። ልጅቷ መጥታ «አያቴ፣ እነዚህ ለምን ሞቱ?» ስትልዎት፣ «ብርዱ በዛባቸው፣ ድንቢጤ» አሉ። ወደ እኔ አልዞሩም። ልጄ ፊት እንዳላፍር ነው ያልዞሩት።

እማማ፣ ስምንቱን ቃሪያ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ያውቃሉ፤ ማወቅዎንም አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ እንኳን ከአፌ ሊሰሙት ይገባል።

ቀሪው ታሪክ አጭር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ድንቢጥ «ቀላ! ቀላ!» እያለች ሱቄ ገባች፤ እኔም መቀሱን አስቀመጥኩ። እርስዎ የመጀመሪያዋን ቃሪያ ለፖስተኛው በአጥር ላይ ሰጡት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አፉን በእጁ እያራገበ፣ «ይሄ እሳት ነው እንጂ ቃሪያ አይደለም!» ሲል፣ «ታዲያ ብርድ ነው የሚሉትን አገር በምን ላሞቀው?» አሉት። በዚያው ሳምንት ትኬት ቆረጡ።

የሚሄዱ ዕለት የድንቢጥን ቦርሳ ራሴ አዘጋጀሁ። አስቤበት ነው። የገደልኩትን ዐይተው ገመናዬን የሸፈኑልኝ ሰው ላይ በር የምዘጋበት ፊት አልነበረኝም። መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳውን ከሻንጣዎ ጎን አስቀመጥኩት።

«ይሄ የማን ነው?» አሉኝ።

«የድንቢጥ። ልብሷን በሙሉ አስገብቻለሁ።»

ድንቢጥ ራቅ ብላ አውቶቡስ ትቆጥር ነበር። እርስዎ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እኔ የያዝኩት አንድ ወንበር ነው» አሉ።

«እማማ፣ ሊወስዷት አይደል...»

«ልወስዳት ነበር የመጣሁት፤ አልዋሽህም። ያን ቀን የስፌት መኪናህ ላይ ስትቀመጥ ተውኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ መች ጠየቅከኝ?»

ካፖርት ከሰፋሁበት ቀን እስከ ውርጩ ሰባት ሳምንት ነበር። ሰባት ሳምንት ሙሉ የሌለ ነገር ስፈራ ኖሬ፣ ለሌለ ነገር ስምንት ነፍስ አጠፋሁ። ያኔውኑ ልናገር አፌን ስከፍት ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ጉንጬን ሳሙኝና ወጡ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ።

አሁን ልመናዬን ይስሙኝ። ባለፈው ሐሙስ አጠገብዎ ያለችው ፋርማሲስት ደወለችልኝ። እንዳይቆጧት፣ ለምኜ ነው ቁጥሬን የሰጠኋት። ከሁለት ወር በፊት ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌዎን እንደተጎዱ፣ አሁን በምርኩዝ እንደሚሄዱ፣ ውሃ የምታቀርብልዎት እሷ እንደሆነች ነገረችኝ። እኔ አራት እሑድ ኑዛዜዬን ስውጥ እርስዎ ደግሞ ተኝተው «ደህና ነኝ፣ ብርዱ እንዴት ነው?» ይሉኝ ነበር። በስልክ ሁለታችንም ውሸታሞች ነን ለካ።

ከእኛ ጋር እንዲኖሩ ነው የምለምንዎት። ልጅ እንዲጠብቁ፣ አትክልት እንዲኮተኩቱ አይደለም። ቁጭ ብለው እንዲያዙን ነው። በማእድ ቤቱ በኩል ያለውን ክፍል አጽድቼ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ ደፍኜ፣ ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ ሰፍቻለሁ። አልጋው ምድጃው ካለበት ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። ብርዱን እንደሚጠሉት አውቃለሁ፤ ግን ከእርስዎ በላይ ብርድን ያሸነፈ ሰው ዐይቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤት አርብ ይዘጋል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ድንቢጥና እኔ እዚያ ነን። በዚያ እግርዎ መናኸሪያ ድረስ እንዳይመጡ።

ትናንት ከሱቅ ስንመለስ ድንቢጥን «አያትሽ እምቢ ካሉስ?» ብዬ ጠየቅኋት። አሁን ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ሲጠይቋት አስባ ነው የምትመልሰው። ጥቂት ከተራመደች በኋላ «እኔ እዚያ እቀራለኋ። ብቻዋን አትሆንም» አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ይህ ቃል ይገድለኝ ነበር። ትናንት ግን እጇን ይዤ ተራመድኩ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት መናኸሪያ ሄድኩ።

እምቢ ቢሉ ደግሞ፣ የስፌት መኪና አውቶቡስ ላይ ይጫናል፤ ሾፌሩን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ልጅዎ፣
ልብስ ሰፊው